ባለቤት የጠፋበት ሰንጋ

እኛ የሽንፋ ሰዎች በስውር መስጠት አልፈጠረብንም። መጽሐፉ ቀኝ እጅህ የምትሰጠውን ግራ እጅህ አትወቅ ማለቱ አልጠፋንም፤ እሑድ እሑድ እንሰማዋለን። ግን ለሠርግ አንድ ጠቦት ነድቶ የመጣ ሰው ስሙ በሞንታርቦ እስኪጠራ ድረስ አይቀመጥም። ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ የሰጠውም፣ "እገሌ የእገሌ ልጅ፣ አንድ ቆርቆሮ! እልል በሉለት!" ካልተባለ በዓመቱም ቅር ብሎት ታገኙታላችሁ። ግራ እጅማ ምን አላት፣ ከሱዳን ድንበር ማዶ ገላባት ያለው ነጋዴ ሳይቀር ይሰማል። ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ፤ ጠሪው እኔ ነኝ። ድንኳን፣ ወንበርና ሞንታርቦ አከራያለሁ፤ ጉሮሮዬ ከኪራዩ ጋር ምርቃት ነው።

ታዲያ እስቲ አንድ ነገር ንገሩኝ። ለአንድ ቆርቆሮ ስሜ ካልተጠራ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሕዝብ፣ ምርጫ ሲመጣ ምን ነክቶት ነው ስም የለሽ የሚሆነው? ከተማው ፖስተር ለብሶ ያድራል፤ የመብራት እንጨቱ፣ የጉሊቱ ዳስ፣ ሌላው ቀርቶ የእኔ ግድግዳ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ጎረምሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ካናቴራ፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ። ማን ሰጠ? "ደጋፊዎች።" ሕጉ የቅስቀሳው ገንዘብ ከየት እንደመጣ ይታወቅ ይላል አሉ። ይበል! ሕጉ ግን ከደጋው ተነስቶ ወደ እኛ ሲወርድ ሙቀቱ ያዝለዋል መሰል፣ ሸሕዲ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል።

በዚያ ምርጫ ለወረዳው ምክር ቤት ከሚወዳደሩት አንዱ መኳንንት ነበር። የኛው ልጅ ነው። ሰሊጥ ያርሳል፣ ከቀብር አይቀርም፣ ሲስቅ ሌላውን ያስቃል። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ነው፤ የማይወደድ ሰው ቢሆን ኖሮ ማን ካናቴራ ያሳትምለት ነበር? ከፋሲካ በኋላ አንዲት ነጭ ፒካፕ ደጃፌ ላይ ቆመች። ሾፌሩ ለመኳንንት የቅስቀሳ ግብዣ ድንኳኑንም ሞንታርቦውንም ተከራየ። "ደረሰኙን በማን ስም ልጻፈው?" አልኩት። "በደጋፊዎች በል" አለኝና መስታወቱን ዘጋ።

ፒካፗን ግን አውቃታለሁ። ሁላችንም እናውቃታለን። በፊተኛው ሳምንት ከብቶቻችን ወደ ወንዙ በሚወርዱበት ሜዳ ላይ ቆማ፣ አብረዋት የመጡት ሰዎች ሜትር ሲዘረጉ ውለዋል። ሽንፋ ወንዝ በበጋ ቀጥኖ ኩሬ ኩሬ ብቻ ሲሆን፣ ከብት ገደል ሳይገባ ውኃ የሚደርስበት መውረጃ ያ ብቻ ነው። አንድ ባለሀብት በፓምፕ ሊያለማው፣ ዙሪያውንም ሊያጥረው እንደፈለገ ይወራል፤ ማን እንደሆነ የሚናገር የለም። ለዚያ ደግሞ ከምክር ቤቱ እጅ የሚያወጣለት ሰው ያስፈልገዋል። ጎረቤቴ እትዬ አዛለች ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው በላሞቿ ወተት ነው። ሜትሩን ያየች ዕለት መጥታ፣ "መውረጃው ከታጠረ ላሞቹን ሽጬ የሰው ሰሊጥ አጫጅ መሆኔ ነው፤ ልጆቹንስ ለማን ጥዬ ልሂድ?" አለችኝ። እና ሞንታርቦውን ለምን አከራየህ ትሉኝ ይሆናል። እኔም የማበላቸው ልጆች አሉኝ። ደግሞም ማይኩ በማን እጅ እንደሚውል አውቃለሁ።

የግብዣው ቀን ደረሰ። ሰንጋው በጭነት መኪና የመጣ፣ ጎኑ የሚያብረቀርቅ ነበር፤ እኔ ድንኳኑን ተክዬ ሳልጨርስ ታርዶ ተበለተ። "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" እያልን ስንት ዘመን ምስኪኑን በሬ ስንወቅስ ኖርን! ያን ዕለት ሣሩ እሱ ነበር፤ ገደሉ አፋፍ ላይ አፋችንን ከፍተን የቆምነው እኛ ነን። መንደሩ ሁሉ ተቀምጧል። ነጯ ፒካፕ ከድንኳኑ ራቅ ብላ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማለች፤ መስታወቷ ዝግ ነው።

በአገራችን ደንብ ደግሞ እህል ከመቀመሱ በፊት ያበላው ሰው ይመረቃል፣ በስሙ። መራቂያችን አያ ታከለ ናቸው፤ እሳቸው እጃቸውን ሳይዘረጉ እጁን ወደ ሥጋ የሚዘረጋ የለም። ማይኩን አነሳሁና እንደ ሠርጉ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ፣ "ይህን ሰንጋ ያመጣልን ማን ይባላል? ስሙን ልጥራና አያ ታከለ ይመርቁት!" አልኩ። ምን አጠፋሁ? ሥራዬ ነው።

አንገት ሁሉ ወዲያና ወዲህ ዞረ።

መኳንንት ብድግ አለ። "አያ፣ ያው ደጋፊዎች ናቸው፤ እንዲሁ በደፈናው ይመርቁልን።"

"ደፈናን አልመርቅም" አሉ አያ ታከለ። "ደጋፊ የምትለው እናቱ ስም አላወጣችለትም? ዘርህ ይባረክ የምለው ማንን ነው? ወይስ ራስህ ነህ ያመጣኸው?"

"አይ… እኔ እንኳ…" ላቡን ጠረገ። ዓይኑ ወደ ፒካፗ ሄደ፤ የሁላችንም ዓይን ተከትሎት ሄደ። መዋሸት አቃተው፤ ለዚህ ለዚህስ ወደድኩት። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው እውነት ነው፤ አዲሱ ኮፍያ ራሱ ላይ ጠበበው።

ከኋላ አንዱ፣ "ኧረ ሥጋው በረደ!" ብሎ ጮኸ። ይሄኔ እትዬ አዛለች ከሴቶቹ መሐል ተነሳች።

"አያ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ከብት በአገራችን ምን ይደረጋል?"

"ይለፈፋል። ባለቤት ነኝ ባይ ከጠፋ ያገኘው ይይዘዋል።"

"እንግዲያው ይለፈፍልኝ!"

ስንት ሙሽራ ጠርቻለሁ፣ ስንት መርዶ ለፍፌያለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ጮኼ አላውቅም። ሞንታርቦውን ወደ ፒካፗ አዞርኩና፣ "የሰንጋው ባለቤት ያለህ ቅረብ! ሰንጋው የኔ ነው በል!" እያልኩ ለፈፍኩ። የፒካፗ መስታወት ዝቅ አላለም።

"እንግዲያው የኔ ነው" አለች እትዬ አዛለች። "በኔ ስም ይመረቅልኝ።"

ሰው ሳቀ። አያ ታከለ ግን አልሳቁም፤ ተነስተው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሳቁም ቀስ እያለ ሞተ። "አዛለች ልጄ፣ ያበላሽንን እጥፍ አድርጎ ይተካልሽ።"

"አሜን!"

"ላሞችሽ ይርቡ፤ ልጆችሽ ይደጉ።"

"አሜን!"

"የምትወርጅበትን ውኃ አጥር አይየው። የሚከለክልሽን ውኃ ጥም ይከልክለው!"

ድንኳኑ "አሜን!" ብሎ ሊቀደድ ደረሰ። እኔ ማይኩን መኳንንት ከንፈር ሥር ደቅኜ ቆሜያለሁ። አየኝ፤ አየሁት። በሽማግሌ ምርቃት ላይ አሜን ሳይል የሚቀር ሰው በኛ አገር አልተወለደም።

"አሜን" አለ፣ በሞንታርቦ።

በላን። የእትዬ አዛለችን ሰንጋ ጥርግ አድርገን በላን። ፒካፗ ሳትቀምስ ሄደች፤ ቀሪውን የድንኳን ኪራይ ሊከፍለኝ የመጣ ደጋፊም የለም። ከዚያ ወዲህ ለቅስቀሳ የሚከራየኝ እጩ አላየሁም፤ ይቅርብኝ። መኳንንት ግን ተመረጠ፤ ሳቁ እንደሆነ ማንም አልገዛውም። የመውረጃው ጉዳይ ምክር ቤት የቀረበ ዕለት ይታጠር ለሚለው እጁን አላወጣም አሉ። ምነው ሲሉት፣ "አገር እየሰማ አሜን ብያለሁ፤ ምን አባቴ ላድርግ!" ብሎ ተቀመጠ።

ዘንድሮ አልታጠረም። የከርሞውን አላውቅም፤ ለሚመጣው ምርጫ ሌላ ሰንጋ ይጫንልን ይሆናል። ይጫን፤ ጥርስ አለን፣ እንበላዋለን። የጫነው ሰው ስሙን ሳይናገር ግን አንድ ጉንጭ ውኃ አይወስድብንም።