ክዳን አይከፈት!

ፀሐይ መውጣቷን በቴርሞሜትር ካላረጋገጠ የማያምን ሰው የሌለበት ሕንፃ በዓለም ላይ አይገኝም። የእኛው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከበራችን ፊት ለፊት ነው የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍሪጅ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሊቀ በረዶ እንላቸዋለን። ማዕረጉን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸውም ምንም ሳይግደረደሩ ተቀብለዋል።

ነገሩ የተጀመረው በእናቴ ኢንሱሊን ነው። አምና በዚያ ሙቀት መብራት ለቀናት ጠፍቶ መድኃኒቷ ፍሪጅ ውስጥ እንዳለ ተበላሸ። ሌላ እስኪገኝ ድረስ ታምማ አስደነገጠችን። ብልቃጦቹን ስንጥል ሊቀ በረዶ በራችን ላይ ቆመው ያዩ ነበር። በማግስቱ ጨው፣ ስኳር፣ ዱቄትና የሻማ ሰም በፌስታል አንጠልጥለው መጡና፣ "ፍሪዘራችሁን አውሱኝ፤ መብራት ቢጠፋም መድኃኒቱን የሚያቆይ በረዶ እሠራለሁ" አሉ።

ማዋስ ማለት ለካ ማስረከብ ኖሯል! የእኛ ሥጋ ወጣ፣ የእሳቸው ላስቲኮች ገቡ። ቁጥር ሁለት ጨው ያለበት ውኃ፣ ቁጥር አምስት ስኳር፣ ቁጥር ዘጠኝ በዱቄት የወፈረ፣ ቁጥር አሥራ አንድን እሳቸውም ረስተውታል። እያንዳንዱን ሲረጋ ወፍራም የፎም ሳጥን ውስጥ ያስገባሉ። መሀል ላይ ውኃ የተሞላ የእናቴን ባዶ ብልቃጥ ያቆማሉ፤ የቴርሞሜትሩን ሽቦ በክዳኑ ቀዳዳ አሾልከው በየሰዓቱ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሕጋቸው አንድ ነው፤ "ክዳን አይከፈት!" አክስቴ ምግብ መስሏት አንዴ ብትከፍተው ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰላምታ ነሥተዋታል።

"ጋሼ፣ ይሄኛው እየቀለጠ ነው፤ አለቀለት" ካልኳቸው ደግሞ ጣታቸውን ይቀስራሉ።

"የሚቀልጥ ነገር አይሞቅም፤ ሥራ ላይ ነው!"

ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ቅዝቃዜው ካለበት ንቅንቅ አይልም ማለታቸው ነው። እኔ ግን ቀዝቃዛ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበርና ጨዋማው ቁጥር ሁለት ጣቴን ሲያደነዝዘው፣ "በቃ፣ አገኙት!" ብዬ ጮህኩ።

"ውድቅ!" አሉ። "ብልቃጡ በረዶ ሆኗል። ኢንሱሊን ቢሞቅም ይበላሻል፣ በረዶ ቢሆንም ይበላሻል። እናትሽን የፍሪዘር ዓሣ አደረግሻት እንዴ?"

ስድስት ወር እንዲህ ከረምን። በመጨረሻ ያሸነፈው ቁጥር አሥራ ስምንት ነው። የቧንቧ ውኃ! ጨው የለው፣ ስኳር የለው። ምስጢሩ አገባቡ ላይ ነው አሉ። ከፍሪዘር የወጣው ላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ይቆያል፤ እሳቸው እያነሡ ጆሯቸው ሥር ይወዘውዙታል፤ ውስጡ መቅለጥ ጀምሮ "ቦጭ" ሲል ብቻ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። ያኔ ያቀዘቅዛል እንጂ ብልቃጡን በረዶ አያደርገውም።

"ጋሼ፣ ለውኃ ነው እንዴ ፍሪዘራችንን የወረሱት?"

"ውኃ እንደሚበልጥ ለማወቅ ሌላውን ሁሉ መሞከር ነበረብኝ" አሉኝ፣ ቅንጣት ሳያፍሩ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት መብራት ድርግም አለ። ሊቀ በረዶ ሳጥናቸውን ታቅፈው ከተፍ አሉ። "እትዬ፣ መድኃኒቱን ያዘጋጁ" አሏት እናቴን። ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ። በላስቲክ ሲጫወቱ ማየት ሌላ ነው፤ የእናቴን መድኃኒት መስጠት ሌላ ነው። ፈርቼ ነበር። ቶሎ እንዲገባ ብዬ ላስቲኩን ከፍሪዘር ወደ ሳጥኑ ልወረውር ስል እጄን ቸብ አደረጉኝ።

"ቦጭ አላለም!"

ከፍሪዘር ከወጣ አንድ ሰዓት ሊሞላው ትንሽ ሲቀረው፣ ቦጭ አለ። እናቴ የጀመረችውን ብልቃጥ አስቀርታ ሌሎቹን በገዛ እጇ አቀበለቻቸው። "አንቺ ደግሞ፣ ምን ያስፈራሻል" አለችኝ። "ከሐኪሜ ይልቅ እሳቸው ናቸው ብልቃጤን የሚያውቁት።"

ሽቦው አምስት ዲግሪ አለ። ከሰዓትም አምስት። በማግስቱም አምስት። ሊቀ በረዶ ወንበራቸውን ኮሪደራችን ላይ አድርገው፣ ምሳቸውንም እዚያው በሉ። ሠላሳኛው ሰዓት ላይ መብራቱ መጣና ሕንፃው በጭብጨባ ተናጋ። ፊታቸው የጠቆረው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

"ገና አርባ ሰዓት ይሄድ ነበር" አሉ ደብተራቸውን እያዩ።

እናቴ መድኃኒቷን ወደ ፍሪጁ ልትመልስ እጇን ወደ ሳጥኑ ስትሰድ፣ ሳላስበው ለቀም አደረግኋት።

"እማዬ፣ ክዳን አይከፈት! ሥራ ላይ ነው።"

እኚህን ሰው ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያኔ ነው። እሳቸው ቀና ብለው አንዴ አዩኝ፤ ከዚያ እርሳሳቸውን አነሡና ሠላሳ አንደኛውን ሰዓት መጠበቅ ጀመሩ። እኔም ለራሴ ወንበር አመጣሁ።