ልጄን ያስነሳት ወገቤ

አራስ መጠበቅ የሴት ሥራ ነው የምትሉ ሁሉ፣ እኔን አታውቁኝም ማለት ነው! ጋሽ ይመር ማን እንደሆነ መካነ ሰላም ገብታችሁ ጠይቁ። ፊደል ያስቆጠረኝ የለም፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እየፈታሁ ብቻዬን ማንበብ የለመድኩ ሰው ነኝ። ራዲዮ እጠግናለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ወፍጮ ሲቆም የምጠራው እኔ ነኝ። (አንዳንዴ ወፍጮው ከእኔ በኋላ ጭራሽ አይነሳም፤ እሱ ግን የወፍጮው ጠባይ ነው።)

ታዲያ ታላቋ ልጄ ዘውዲቱ ለመውለድ እኛ ቤት መጥታ፣ ጤና ጣቢያ ወለደች። ሕፃኑ ደህና ነው፤ ጡት ጠግቦ ይተኛል። እናቲቱ ግን… ስፌቷ ያማታል፣ ጉልበቷ ይብረከረካል። አንዴ ልትቆም ስትል ራሷን አዞራትና አልጋው ላይ ተመልሳ ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ያዛት። ከጤና ጣቢያ "ቀስ እያልሽ ተንቀሳቀሺ" ብለው ቢልኳትም አሻፈረኝ አለች።

በዚህ መሐል ባለቤቴ ለለቅሶ አጅባር ተጠራች። እግሯ በሩ ላይ፣ ዓይኗ አልጋው ላይ።

"አንተ ሰው፣ ገንፎዋን አትርሳ። እየደገፍክ ደጅ ድረስ አራምዳት። ልጄ ተኝታ እንዳትቀርብኝ!"

"ሂጂ! ነገ ስትመለሺ ቆማ ካልተቀበለችሽ ይመር ብለሽ አትጥሪኝ!"

አፌ እንዴት እንደሚፈጥን ታውቁታላችሁ…

መጀመሪያ በዕውቀት ሞከርኩ። ስለ ጡንቻ፣ ስለ ጅማት፣ ስለ ደም ዝውውር ሰፊ ንግግር አደረግሁ። ዘውዲቱን ጅማት ላይ ስደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። እውነቱን ለመናገር እኔም አዛጋሁ።

ስለዚህ ወደ ገንፎው! የገብስ ዱቄት፣ የፈላ ውሃ፣ ማማሰያ… ምን ይከብዳል? ወንዶች፣ ገንፎ አገንፍታችሁ ታውቃላችሁ? ዱቄቱን ስጨምር፣ ስጨምር፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ነገር የግድግዳ ጭቃ ሆነ! ማማሰያውን ስገፋ ድስቱ አብሮ ይሄዳል። በአንድ እጄ ድስቱን በጨርቅ ጨብጬ፣ በሌላው ባለ በሌለ ኃይሌ ሳማስል፣ ወገቤ ቀጭ! አለ።

እንደጎበጥኩ ቀረሁ። ወደ ላይ የለ፣ ወደ ታች የለ።

"ዘውዲቱ!"

"አባዬ፣ ምን ሆንክ?"

"ምንም! … ድረሽልኝ እንጂ!"

ኮቴ ሰማሁ። ግድግዳ እየደገፈች፣ ቀስ እያለች መጣች። ምድጃውን አጠፋችና ሳቅ ያዛት።

"ኧረ አታስቀኝ፣ ስፌቴን!"

"እኔ መች ቀለድኩ?"

እኔ ከጎበጥኩበት የሚታየኝ እግሯ ብቻ ነበር፤ ሁለቱም መሬቱን ረግጠዋል።

"አባዬ… ቆሜያለሁ እኮ! አላዞረኝም!"

"ምን መስሎሽ ነው ታዲያ? ዘዴዬ ነው!" አልኩ፣ ለእግሮቿ።

በአራት እግሬ እየዳህኩ ቅርብ ያለው አልጋ ላይ ወጣሁ፤ የእሷ አልጋ ነው። ሆዷን የምታስርበትን መቀነት ፈትታ ወገቤን ጥፍር አድርጋ አሰረችኝ። ገንፎውንም እየቆረሰች አጎረሰችኝ።

በማግስቱ በሩ ተንኳኳ። የከፈተችው ዘውዲቱ ናት፤ ቆማ! ባለቤቴ ልጇን አቅፋ እንባዋ ወረደ። አብራት የመጣችው ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይነባ ግን አራሷን ልትጠይቅ ወደ አልጋው አቀናች… እኔን አገኘች። በመቀነት ታስሬ፣ ሕፃኑን ታቅፌ፣ ጢሜ ላይ ቅቤ።

"ያ ረቢ! ጋሽ ይመር፣ እንኳን ማርያም ማረችዎት!"

እልልታውን ሁለቱም አቀለጡት። ሰፈሩ ተሰበሰበ።

እንግዲህ በአንድ ቀን የፈጸምኩትን መዝግቡልኝ፦ የጤና ጣቢያው ምክር ያላስነሳትን አራስ አስነሳሁ። ገንፎ አገነፋሁ፤ ድስቱን እስከዛሬ አልለቀቀም። ለባለቤቴ የገባሁትን ቃል ጠበቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ እልል ተባለልኝ፤ ከእናንተ ማን ተብሎለታል? ዘውዲቱ አሁን ገበያ ደርሳ ትመጣለች። እኔም ቢሆን ደጅ ድረስ መራመድ ጀምሬያለሁ… እሷ እየደገፈችኝ።