ልጅ ያለው ማን እንደሆነ ለመወሰን የተደረገ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ መቐለ፣ ሓወልቲ፣ ብርዒ የጽሕፈትና የትርጉም አገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር፣ መዝገብ ክፍል (በሌላው ክፍል በቂ ወንበር የለም)
ሰዓት፦ ለ8፡30 ተጠርቶ በ8፡52 ተጀመረ

የተገኙ የሠራተኛ ጉዳይ ኮሚቴ አባላት
1. አቶ ገዛኢ፣ ሥራ አስኪያጅና ሰብሳቢ፤ የአንድ ልጅ አባት
2. ወ/ሮ ፊዮሪ፣ ተርጓሚ፤ የመንታ ልጆች እናት
3. አቶ ታመነ፣ የኮምፒውተር ጸሐፊ፤ የአንድ ልጅ አባት
4. አቶ ረዘነ፣ የመዝገብ ሠራተኛ፤ ልጅ የላቸውም (ይህ አከራካሪ ነው፤ አጀንዳ 2 ይታይ)
5. ወ/ሪት ሉላ፣ የሦስተኛው መስኮት ተርጓሚ፤ ልጅ የላቸውም

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ወ/ሮ አያልነሽ፣ አራሚና የጉባኤው ጸሐፊ

ያልተገኘ አባል የለም። ለምልዓተ ጉባኤ አራት ድምፅ ያላቸው አባላት ስለሚበቁ ስብሰባው ሕጋዊ መሆኑ ተረጋገጠ። «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ወረቀት በበሩ ላይ ተለጥፏል።

አጀንዳ 1፦ የወ/ሪት ሉላ አቤቱታ

ሰብሳቢው ጉዳዩን ከሥሩ አስረዱ። መሥሪያ ቤቱ ቀድሞ ለሁሉም በ10 ሰዓት ይዘጋ ነበር። አምና በወጣው ማስታወቂያ ቁጥር 4 መዝጊያው ወደ 11፡30 ተራዘመና «ልጅ ያለው ሠራተኛ በ10 ሰዓት ይወጣል፤ ልጅ የሌለው ሠራተኛ እስከ መዝጊያው መስኮት ይሸፍናል» ተባለ። ማስታወቂያው ሲለጠፍ «ሠራተኛ» በእሳቱ ሰ ተጽፎ የነበረ ሲሆን በዚያው ቀን ታርሟል።

ወ/ሪት ሉላ እንዳ ኢየሱስ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ በማታው ክፍለ ጊዜ ሕግ እንደሚማሩና ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመታቸው እንደሆነ ገለጹ። የረቡዕ ትምህርት በ11 ሰዓት ይጀምራል። ባለፉት ሁለት ረቡዖች መስኮት ሸፍነው ሲደርሱ በሩ ተዘግቶ ነበር። ዛሬ በ11 ሰዓት ፈተና ነው፤ ካመለጣቸው ዘንድሮ አይመረቁም። የጠየቁት ረቡዕን ብቻ ነው።

ወ/ሮ ፊዮሪ ለወ/ሪት ሉላ እንደሚያዝኑ፣ ሆኖም መዋዕለ ሕፃናቱ በ10፡15 እንደሚዘጋ፣ አንድ ቀን በትራፊክ ዘግይተው ሲደርሱ መንትዮቹን ከዘበኛው ጋር ሽንኩርት ሲልጡ እንዳገኟቸው አስታወሱ። «ሉላዬ፣ አንቺን የሚጠብቅሽ መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ አያለቅስም» አሉ።

ወ/ሪት ሉላ «እኔ ግን አለቅሳለሁ» ብለው መለሱ።

አቶ ታመነ ነገሩ ዘላቂ መፍትሔ እንደሚሻ በመጥቀስ፣ ለወ/ሪት ሉላ ባል የሚያፈላልግ ሦስት አባላት ያሉት ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ሰብሳቢው «ጨዋና ሥራ ያለው» የሚል እንዲጨመርበት ጠየቁ። ወ/ሪት ሉላ ባሉ አሁኑኑ በበሩ ቢገባ እንኳ ልጁ ከ11 ሰዓት በፊት ሊወለድ እንደማይችል በማስረዳታቸው ሐሳቡ በይደር ታለፈ።

አጀንዳ 2፦ «ልጅ» የሚለው ቃል ትርጉም

አቶ ረዘነ ከመደርደሪያው አጠገብ ተነሥተው፣ ማስታወቂያውን አሥራ አራት ወር ሙሉ ሲያነቡት እንደቆዩ ተናገሩ። ቃላቸው እንዳለ እንዲጻፍ ስለጠየቁ እንዳለ ተጽፏል፦ «ማስታወቂያው ‹የወለደ› አይልም፤ ‹ልጅ ያለው› ነው የሚለው። እኔ አሥራ አንድ የክርስትና ልጆች አሉኝ። ሁሉንም ያነሣሁት በካህን ፊት ነው። አቶ ገዛኢ በማን ፊት ወለዱ?»

ሰብሳቢው የመጨረሻው ጥያቄ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ አዘዙ። መሰረዙ ተመዝግቧል።

አቶ ታመነ የክርስትና ልጅ በበዓል ቀን ዳቦ ይዞ ከመምጣት በቀር ሥራ እንደማያስፈታ ተከራከሩ። አቶ ረዘነም «አበልጄ፣ ሦስተኛው ያንተው ኤልሳዕ አይደለም እንዴ? አንተ ለእሱ ብለህ በ10 ትወጣለህ፤ እኔ ለእሱ ብዬ የማልወጣው ለምንድን ነው? ልጁ እንደሆነ አንድ ነው!» አሉ። አቶ ታመነ «አንተ ያነሣኸው አንድ ቀን ነው፣ እኔ የተሸከምኩት ዐሥራ ስምንት ዓመት ነው» አሉ።

ዐሥራ ስምንት ዓመት የሚለው ቁጥር ጥያቄ አስነሣ። ሲጣራ ኤልሳዕ የ12ኛ ክፍል ተማሪ መሆኑና በኳስ ምክንያት ከ12 ሰዓት በፊት ቤት እንደማይገባ ታወቀ። አቶ ታመነ እስከዚያ እንደሚጠብቁት ገለጹ። የት እንደሚጠብቁት ሲጠየቁ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ካርታ የሚጫወቱበት ቤት መሆኑን ተናገሩ።

ወ/ሪት ሉላ የሰብሳቢው ልጅ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው ሠላሳ አራት መሆኑን፣ አዳማ በምሕንድስና ሥራ ላይ እንደሚገኝ፣ ሆኖም ልጅ ለአባቱ ምን ጊዜም ልጅ ስለሆነ በየቀኑ በ10 ሰዓት ስልክ እየደወሉ እንደሚመክሩት አስረዱ።

ከረጅም ውይይት በኋላ «ልጅ» ማለት የክርስትና ልጅንም እንደሚጨምር በሦስት ድጋፍ፣ በአንድ ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ ተወሰነ። የተቃወሙት አቶ ታመነ ናቸው። በውሳኔው መሠረት ልጅ የሌላቸው አባል ወ/ሪት ሉላ ብቻ ሆነው ስለተገኙ፣ ከዛሬ ጀምሮ ሦስቱንም መስኮቶች ብቻቸውን ይሸፍናሉ። ሰብሳቢው ይህ የተደረገው ፍትሕን ለማስፋት መሆኑ እንዲመዘገብ አዘዙ።

ወ/ሪት ሉላ ፍትሑ ከዚህ በላይ እንዳይሰፋባቸው ለመኑ። አቶ ረዘነ ከአሥራ አንዱ አንዱን ሊሰጧቸው ፈቀዱ፤ ነገር ግን ሁሉም ወንዶች ስለሆኑና የክርስትና ልጅም ከሰው ወደ ሰው ስለማይዛወር አልተቻለም። ወ/ሮ ፊዮሪ እህታቸው ባለፈው ሳምንት ሴት ልጅ መውለዷን ገልጸው «ሉላዬ፣ አንቺ ታነሻታለሽ» አሉ። ወ/ሪት ሉላ በደስታ እንደሚያነሧት ተናገሩ። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ በመሆኑ የቀረው ሰባ ሁለት ቀን ነው። ለፈተናው የቀረው አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ ነበር።

አጀንዳ 3፦ ስለ ምልዓተ ጉባኤ (ሳይያዝ የመጣ)

ልክ በ10 ሰዓት ወ/ሮ ፊዮሪ ቦርሳቸውን አንሥተው ተነሡ። ድምፃቸውን ለወ/ሪት ሉላ ትተው መሄድ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ድምፅ እንደ ጃንጥላ ትተውት የሚሄዱት ዕቃ እንዳልሆነ ስለተነገራቸው የወ/ሪት ሉላን ትከሻ መታ መታ አድርገው ወጡ።

አቶ ረዘነ በአዲሱ መብታቸው ለመጠቀም ኮታቸውን ለበሱ። አቶ ታመነም አበልጃቸው ቀድመዋቸው እንዳይወጡ ተነሡ። ሰብሳቢው የቀሩት አራት ብቻ ስለሆኑ አንድ ሰው ከወጣ ስብሰባው እንደሚፈርስ ሲያስታውቁ ሁለቱም ተቀመጡ።

ወ/ሪት ሉላ ግን እንደቆሙ ነበሩ። ሰብሳቢው በትግርኛ «ጓለይ»፣ ማለትም «ልጄ» ብለው ከጠሯቸው በኋላ «ከወጣሽ ምልዓተ ጉባኤው ይፈርሳል። ከፈረሰ ደግሞ እንድትወጪ መፍቀድ አንችልም» አሉ።

ወ/ሪት ሉላ «እንድወጣ እንዲፈቀድልኝ መውጣት የለብኝም ማለት ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሰብሳቢው «እንዲያ ነው። ሕግ ስለምትማሪ ይገባሻል» አሉ።

ወ/ሪት ሉላ «ጓለይ ካሉኝ ልጅዎ ነኝ። የሠላሳ አራት ዓመቱን በስልክ ከሚያሳድጉ እኔን በባጃጅ ፈተና ያድርሱኝ» አሉ። አቶ ረዘነ ሳቁ። ሰብሳቢው በአክብሮት የተነገረ ቃል ሕጋዊ ውጤት እንደሌለው ለዐሥራ ሁለት ደቂቃ አስረዱ። በዚህ መካከል ከውጭ በሩ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ፤ አልተከፈተም።

በ10፡19 ወ/ሪት ሉላ አንድ አጭር የውሳኔ ሐሳብ እንዳላቸው ገለጹ። ሰብሳቢው አጭር ከሆነ እንደሚቀበሉት ተናገሩ። ሐሳቡ በእጃቸው ተጽፎ ለጸሐፊዋ ተሰጠ፦ «ልጅ ያላቸውንና የሌላቸውን ሠራተኞች የሥራ ሰዓት በሚመለከት እስከዚህች ደቂቃ የወጣ ማናቸውም ውሳኔና ማስታወቂያ ተሽሯል።» የፊደል ስሕተት አልተገኘበትም።

አቶ ታመነ ይህ የክርስትና ልጅን ውሳኔ ይሽር እንደሆነ ጠየቁ። «ይሽራል» ተባሉ። እንግዲያው ሁለት እጃቸውን እንደሚያወጡ ተናገሩ፤ የተቆጠረው አንድ ነው። ሰብሳቢው አቶ ረዘነም በ10 ሰዓት የሚወጡ ከሆነ መዝገብ የሚያወጣ ሰው እንደማይኖር በማሰብ ደገፉ። አቶ ረዘነ «አሥራ አንድ ልጅ በአንድ ቀን አሳጣችሁኝ» በማለት ተቃወሙ። ሐሳቡ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ሰዓቱ 10፡23 ነበር።

ውሳኔው እንደ ደንቡ ጮክ ተብሎ ተነበበ። «ማስታወቂያ» የሚለው ላይ ሲደረስ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ። ማስታወቂያ ቁጥር 4ም ተሽሮ እንደሆነ ጠየቁ። መሻሩ ተነገራቸው። ታዲያ መዝጊያው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁ። ቁጥር 4 ከሌለ እንደ ቀድሞው ለሁሉም 10 ሰዓት መሆኑ፣ ይኸውም ከሃያ ሦስት ደቂቃ በፊት ማለፉ ተነገራቸው።

ሰብሳቢው ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዙ። ለማየት አባላት ሲቆጠሩ ሦስት ሆኑ። የወ/ሪት ሉላ ወንበር ባዶ ነበር፤ በመስኮት ሲታይ ባጃጅ እያስቆሙ ነበር። አቶ ታመነ፣ ወ/ሪት ሉላ ተጠርተው ይመለሱ እንደሆነ ጠየቁ። የሥራ ሰዓት ስላበቃ ማንንም መጥራት እንደማይቻል ሰብሳቢው ራሳቸው ከጥቂት ማሰብ በኋላ አመኑ።

በመጨረሻ በሩ ሲከፈት እስከ 11፡30 እንሠራለን የተባሉ ዐሥራ አራት ባለጉዳዮች ቆመው ተገኙ። ማን እንደሚያስተናግዳቸው የሚወስን ምልዓተ ጉባኤ ስላልነበረ፣ ሰብሳቢው ያለ ውሳኔ ወደ ሦስተኛው መስኮት ሄደው ተቀመጡ።

በዛሬው ዕለት ከ10፡23 በፊት የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ሆኖ ስብሰባው በ10፡31 አብቅቷል። ከላይ ከተዘረዘሩት አባላት መካከል የወ/ሮ ፊዮሪ ፊርማ የጎደለው መንትዮቹን ሊያመጡ ስለሄዱ፣ የወ/ሪት ሉላ ፊርማ የጎደለው ፈተና ላይ ስለሆኑ ነው።

አያልነሽ፣ ጸሐፊ