ሽማግሌዎቼን መኪና ያስገፋ ፍሪጅ

ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። መኪናው ውስጥ ባልሆን ኖሮ እኔም አላምንም ነበር።

አማቼ ሊሆኑ የሚችሉት ሰው ዛሬ ከሰዓት ቤቴል ሰፈር፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው መኪናዬን ገፉ።

ብቻቸውን አይደለም። እኔ ከላክሁባቸው ሽማግሌዎች ጋር ነው!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ፔጄን የምትከታተሉ ፍሪጄን ታውቁታላችሁ። አዲስ ለመጣችሁ፦ መኪና ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ትንሽ የካምፒንግ ፍሪጅ አለኝ። ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክዬ ቀዝቃዛ ውሃ እየጠጣሁ የምለጥፋቸው ፎቶዎች በሙሉ የእሱ ውለታ ናቸው።

ካምፒንግ የምወጣው አልፎ አልፎ ነው። ፍሪጁ ግን የመኪናው ቋሚ ነዋሪ ነው። ከኮልፌ መርካቶ ደርሼ ስመለስ እንኳ አብሮኝ ሄዶ አብሮኝ ይመለሳል።

እጮኛዬ ሳባ "አውጣው" ትለኛለች። እኔ "ያስፈልጋል" እላታለሁ። ለምን እንደሚያስፈልግ ግን ተነጋግረን አናውቅም።

ይህ ፍሪጅ አንድ ጥሩ ጠባይ ነበረው። የመኪናው ባትሪ ሲደክም ራሱን ያጠፋል፣ መኪናው የሚነሳበት ኃይል እንዲተርፍ። የባትሪ ፕሮቴክሽን ይሉታል። ከፍተኛው ላይ ካደረጋችሁት ቶሎ ይጠፋል። ዝቅተኛው ላይ ካደረጋችሁት ባትሪው እስኪሟጠጥ ይጠጣል።

እኔ ከፍተኛው ላይ ነበር ያደረግሁት። አንድ ቀን ታዲያ በጊዜ ጠፍቶ ለስላሳዬ ሞቀብኝ። ተናድጄ ዝቅተኛው ላይ አደረግሁት።

በቃ። ይህ ሁሉ ጉድ የመጣው ለአንድ ለሞቀ ለስላሳ ነው!

አሁን ወደ ሽምግልናው።

የሳባ አባት ጋሽ አስራት ይባላሉ። ብዙ አይናገሩም፣ የተናገሩት ግን አይረሳም። መጀመሪያ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

"ልጁ ቤት አለው?"

"አለው" አሉ ሽማግሌዎቼ በኩራት።

"ታዲያ ድንኳን ውስጥ የሚያድረው ለምንድን ነው?"

ሽማግሌዎቼ እርስ በርስ ተያዩ። ስለ ሥራዬ፣ ስለ ዘሬ፣ ስለ ጤናዬ ተዘጋጅተው ነበር የሄዱት። ስለ ድንኳን ማንም አላሰበም። "ይታሰብበት" ተብለው ተመለሱ፣ ሳባም ስልክ ላይ ስታለቅስ አመሸች።

ዛሬ ሁለተኛው ጉዞ ነበር። ዋና ሽማግሌዬ አጎቴ ጋሽ ተፈራ ናቸው። አሁንም "ይታሰብበት" ከተባሉ ሦስተኛ እንደማይሄዱ ቁርጡን ነግረውኛል።

"የምለምንልህ ሚስት ነው እንጂ ቪዛ አይደለም!" ነው ያሉኝ።

ስለዚህ ዛሬ እሺ ካልተባልኩ ሳባን አጣኋት ማለት ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የሚከተለውን ሁሉ ያደረግሁት።

ሊያደርሳቸው የነበረው የአጎቴ ልጅ ጠዋት ደውሎ "አሞኛል" አለ። ሌላ መኪና አልተገኘም። ሽማግሌ የላከ ልጅ በዚያ ቀን በልጅቷ ሰፈር አይታይም፣ ነውር ነው። ግን ምን ይደረግ? ነጂው እኔ ሆንኩ።

ጋሽ ተፈራ ከፊት ተቀመጡ። ከኋላ በአንዱ መስኮት የንስሐ አባታችን፣ በሌላው የዕድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ሥዩም። መሐላቸው ፍሪጁ፣ ቀበቶ ታስሮ። ከሩቅ ላየው አራተኛ ሽማግሌ ይመስላል።

"ይሄ ነገር ለምን ይንቀጠቀጣል?" አሉ ጋሽ ሥዩም።

"እየቀዘቀዘ ነው።"

"እኔም እየቀዘቀዝኩ ነው" አሉና ወደ በሩ ተጠጉ።

ውስጡ ውሃ ነበር፣ ለስላሳ ነበር፣ እሺ ከተባልን መኪናው ውስጥ ልከፍታት ያዘጋጀኋት አንዲት ሻምፓኝም ነበረች። አያችሁ፣ እኔ አስቀድሜ የማስብ ሰው ነኝ!

ከጋሽ አስራት ቤት ዝቅ ብሎ ካለ ሱቅ አጠገብ አቆምኩ። ድምፅ እንዳይሰማ ሞተሩን አጠፋሁ። ፍሪጁን አላጠፋሁም።

ጋሽ ተፈራ ሲወርዱ ፀሐዩን አዩና ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ። "እንዳይቆሽሽብኝ። ከመኪናው ደግሞ እንዳትወርድ። ብትታይ አጎትህ አይደለሁም።"

ጋቢውን የት ላድርገው? ንጹሕና ጠፍጣፋ ቦታ ፍሪጁ ብቻ ነው። አጣጥፌ ላዩ ላይ አለበስኩት፣ ዙሪያውንም ጥሩ አድርጌ ጠቀጠቅሁት። ቅዝቃዜውን ይይዝለታል ብዬ ነው። ልብስ ብርድ ያስጥላል አይደል?

ፍሪጅ ግን ይተነፍሳል። ጎኑ ላይ ያለው ወንፊት ሙቀቱን የሚያወጣበት ነው። እሱን ስትሸፍኑበት ከውስጥ ያወጣው ሙቀት ተመልሶ ያፍነዋል፣ ሞተሩም ያለ ዕረፍት ይሠራል። ይህን አሁን አውቄዋለሁ።

ያኔ ግን ሳያቋርጥ ሲያጉረመርም ሰምቼ "ጎበዝ!" አልኩት።

ሳባ ከጓዳ ቴክስት ትልክልኛለች።

"ቆመዋል። አባዬ ተቀመጡ ሲል፣ ጉዳይ አለን አይሉም?"

"ተቀመጡ። ውሃ ቀርቦ አንቀምስም ብለዋል።"

ልክ ናቸው። ሽማግሌ እሺ ሳይባል የሰው ቤት እህል ውሃ አይቀምስም። እኔ ግን መኪናው ውስጥ ሁለተኛ ለስላሳዬን ከፍቻለሁ።

"ጋሽ ተፈራ 'ልጃችን ነገን አስቦ የሚኖር፣ ንብረቱን የሚጠብቅ ነው' አሉ።"

ልቤ ሞላ። ስልኬን ቻርጅ ሰክቼ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ቀጣዩ ቴክስት ሲዘገይ ለስላሳዬን ጨረስኩ።

"አባዬ ይታሰብበት አለ።"

አንብቤው ደግሜ አነበብኩት። ሳባን ማጣት ምን እንደሚመስል የገባኝ እዚያ፣ ለስላሳ ጠርሙስ እግሬ ሥር አስቀምጬ ነው። ለማልቀስ ግን ጊዜ አልነበረኝም፣ ሌላ ቴክስት ገባ።

"ወጡ። ሊሸኛቸው ነው! ሂድ!"

የእኛን ሽኝት ታውቁታላችሁ። "ይመለሱ፣ ይብቃዎት" ሲሏቸው በሩ ላይ የሚመለስ ሰው የለም። እስከ መኪናው መምጣታቸው ነው። ቀድሜ ነድቼ እጥፋቱን ልዞር ቁልፉን ጠመዘዝኩ።

ቅጭ።

እንደገና። ቅጭ።

ሦስተኛው ላይ ቅጭ እንኳ አላለም። ሬዲዮው ዝም አለ። ፍሪጁም ዝም አለ፣ በመጨረሻ።

ቀና ስል አራቱም ደርሰዋል።

"ምነው ልጄ፣ አልነሳ አለህ?" አሉ ጋሽ አስራት በመስኮቱ ጎንበስ ብለው።

አጎቴ ቀደሙኝ። "ሾፌራችን ነው!" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ጋሽ አስራት ወደ ንስሐ አባታችን ዞሩ። "እውነት ሾፌር ነው፣ አባ?"

አባ ትንሽ አሰቡ። "ነድቶ ያመጣን እሱ ነው" አሉ።

አልዋሹም። ከሁላችንም የተረፉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጋሽ አስራት ወደ ኋላ ወንበር አዩ። በሩን ከፍተው ጋቢውን ገለጥ አደረጉት።

"ይሄ ሣጥን ምንድን ነው?"

"ፍሪጅ ነው፣ ጋሼ።"

"ቤት ፍሪጅ የለህም?"

"አለኝ።"

"ታዲያ መኪና ውስጥ ለምን አስፈለገ?"

ብታምኑም ባታምኑም ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ለሳባ እንደምላት "ያስፈልጋል" አልኩ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ባሰ።

"ሽማግሌ የላከውን ልጅ ታውቀዋለህ?"

አጎቴ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመሩ።

"ትንሽ ትንሽ" አልኩ።

"እንዴት ያለ ልጅ ነው?"

የጠፋውን ዳሽቦርድ አየሁ። ነገን አስቦ የሚኖር ነው ማለት አልቻልኩም።

"አንዳንድ ነገር ላይ አያመዛዝንም፣ ጋሼ። ልጅዎን ግን ከልቡ ይወዳታል። ይህን አውቃለሁ።"

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ኮታቸውን አውልቀው ለአባ አስያዙ፣ እጅጌያቸውንም ሰበሰቡ።

"በሉ እንግፋው።"

"ኧረ ጋሽ አስራት፣ እርስዎማ አይነኩትም!" አሉ ጋሽ ሥዩም።

"ቆሜ ልመለከት ነው?" አሉና ትከሻቸውን ሰጡ።

ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ረገጥኩ። በመስታወቱ አያለሁ፦ ጋሽ አስራት፣ አጎቴ፣ ጋሽ ሥዩም። አባ በአንድ እጃቸው ኮቱን ይዘው በሌላው ይገፋሉ። ለእኔ ሚስት ሊለምኑ የለበሱት ነጭ ነጠላ ሁሉ አቧራ ጠጣ። ባለሱቁ ወጥቶ ያያል። ሳባ በአጥሩ በር ብቅ ብላ አፏን በእጇ ይዛለች።

መሬት ብትከፈት ፍሪጁን ይዤ ነበር የምገባው!

ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁት። መኪናው ዘለለ፣ አጓራ፣ ተነሳ።

እዚህ ላይ አንድ ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? ይቆማል፣ ሽማግሌዎቹን ያሳፍራል፣ አመስግኖ ይሄዳል።

እኔ ሄድኩ።

ጭንቅላቴ ውስጥ የነበረው "እንዳይጠፋ፣ እንዳይጠፋ" የሚል ብቻ ነው። ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ አስፋልቱን ያዝኩ። በጣም ጥሩ ነዳሁ። ዓለም ባንክ ሰፈር ስደርስ ነው ወደ ጎን ዞሬ ባዶውን ወንበር ያየሁት።

ሽማግሌዎቼን ጥያቸው መጥቻለሁ!

ዳር ያዝኩ። ሞተሩን ማጥፋት ፈራሁ። ወደ ቤቴል መመለስ ደግሞ ይበልጥ ፈራሁ። የታክሲ ተራ አስከባሪው መጥቶ ኮፈኑን መታ መታ አደረገ።

"ወይ ጫን ወይ ሂድ!"

"የምጭናቸውን ትቻቸው መጥቼ ነው" አልኩት። አዝኖልኝ መሰለኝ ተወኝ።

ከዚያ የሳባ ቴክስት ይዘንብ ጀመር።

"ምን ሆነህ ነው??"

"ተመልሰው ገቡ። አባዬ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አይቆምም ብሎ።"

"ምሳ ቀረበ። እሺ ሳንባል አንቀምስም አሉ።"

"አባዬ እንግዳ ቤቴ ጦሙን አይውልም እያለ ነው። እነሱም ንቅንቅ አላሉም።"

ገባችሁ? ጋሽ አስራት እንግዳ ሳያበሉ አይችሉም። ሽማግሌዎቼ እሺ ሳይባሉ አይበሉም። መሄጃ እንዳይኖራቸው ደግሞ መኪናውን ይዤ ጠፍቻለሁ። ሆን ብዬ ባቅደው እንዲህ አልችልም ነበር።

ስልኬ ጠራ። አጎቴ ናቸው። አፋቸው ሙሉ ነበር።

አፋቸው ሙሉ! እየበሉ ነው ማለት ነው!

"ፈቅደዋል" አሉኝ አላምጠው ከዋጡ በኋላ። "አንተ ግን ጉድ ነህ። ጋሽ አስራት ከመጀመሪያው አውቀውሃል። ሳባ ድንኳንህ በር ላይ የተነሳኸውን ፎቶ አሳይታቸው ኖሯል። ፍሪጁም ፎቶው ላይ አለ።"

ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዞርኩት።

"ለሾፌሩ ንገሩት ያሉትም አለ።"

"ምን አሉ?"

"'እውነት ተናግሯል፣ ልጄን እሰጠዋለሁ። ሊወስዳት ሲመጣ ግን ያንን ሣጥን ነቅሎ ይምጣ። ሁለተኛ አልገፋም።'"

ዓለም ባንክ መንገድ ዳር ጋቢ አቅፌ አለቀስኩ። ደስታ ነው፣ እፍረትም ነው፣ ለይቼ አላውቀውም። ተራ አስከባሪው ሌላ መኪና ሊያባርር ሄደ።

ተመልሼ ሽማግሌዎቼን ወሰድኩ፣ ሞተሩን ሳላጠፋ። በመንገድ ላይ ማንም አላናገረኝም። ጋሽ ሥዩም ብቻ ፍሪጁን በክርናቸው ገፋ አድርገው "አንተም እንደ ሽማግሌ ተሳካልህ" አሉት።

እንግዲህ መኪና ውስጥ ፍሪጅ ያላችሁ፣ ሞተር ስታጠፉ እሱንም አጥፉት፣ ወይ የራሱን ባትሪ ግዙለት። ፕሮቴክሽኑን ከፍተኛው ላይ መልሱት፣ ለስላሳ ቢሞቅ አትሞቱም። ጋቢ ደግሞ ለሰው ነው።

ይህን የምጽፈው ኮልፌ በሬ ላይ፣ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሻምፓኟ በጣም ጥሩ ቀዝቅዛለች። ሞተሩ እንደተነሳ ነው፣ ጎረቤት አንድ ሁለቴ ወጥቶ አይቶኛል።

እስቲ ምከሩኝ፦ አሁን ሞተሩን ላጥፋው ወይስ እስከ ሠርጉ ይሥራ?