የሽቶው ቫልቭ ከንቲባ የሆነ ዕለት

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋደም ባልኩበት ያየሁትን ሕልም ልንገራችሁ። መጀመሪያ ግን አተኛኘቴን ስሙ። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው ቅዳሜ ነው፤ ሰዓቱን የሚያውቀው ውሃው ራሱ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው ቧንቧውን ይከፍትና ከሥሩ የቆርቆሮ ሳፋ ይደፋል። ውሃው ሲመጣ ሳፋው እንደ ከበሮ ይመታል፣ የተኛውም ይነቃል። በማግስቱ የልጃችን ክርስትና ነበር፤ በርሜሉ ካልሞላ ወጥ የሚሠራበት፣ እንግዳ እጁን የሚታጠብበት የለም። አማቴ እማማ አልጋነሽ ገበያ ሲወጡ እኔን ጠባቂ አደረጉኝ። ባለቤቴ ስንዱ ከሕፃኑ ጋር ጓዳ ተኝታለች።

ባለፈው ሳምንት ውሃው በኃይል መጥቶ ቧንቧችንን ሰብሮት ነበር። እኔም ከምሠራበት የሳሙና ፋብሪካ፣ ሽቶ ከሚፈስበት መስመር የተጣለ ቫልቭ አምጥቼ ገጠምኩበት። ግፊቱ ቢጨምር ቢቀንስ ይህ ቫልቭ የሚያሳልፈው መጠን ንቅንቅ አይልም። ኮራ ብዬ ተኛሁ።

በሕልሜ የውሃ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ሙሉ ጄሪካን ተሸክመው ደጄ ላይ ተሰልፈዋል። ከፊት የቆመው እዚያው የሚሠራው ጎረቤቴ አቶ ጌትነት ነው፤ ክራቫት አስሯል።

«ጌታዬ፣ እባክዎ አንድ ጄሪካን ይቀበሉን። ከጠዋት ጀምሮ ቆመናል።»

«ሲስተም የለም፤ ሰኞ ተመለሱ» አልኩት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወዲያው ከንቲባው መጡ። ከንቲባው የእኔ ቫልቭ ነበሩ፤ ጋቢ ለብሰዋል። «ከቆሻሻ ያነሳኸኝ አንተ ነህ?» አሉና መፍቻ ሸለሙኝ። ከዚያ በኋላ ቫልቭ ያልገጠምኩበት ነገር የለም። ሐምሌም ጥርም እኩል አካፋ። ታክሲዎች ለሰው ተሰለፉ፤ ረዳቱ «በእናታችሁ ቀስ በሉ፣ ወንበሩ አይሸሽም!» እያለ ይለምናል። ለቅሶ ቤት አልቃሾቹ እኩል እኩል አለቀሱ። እንዲህ ያለ ሰላም አይቼ አላውቅም።

ነቅተው ዝም ብለው የማያውቁት እማማ አልጋነሽ መጡ።

«ልጄ…» አሉ። ጠበቅን። «እንደምን…» አሉ። «ዋልክ?» እስኪሉ ድረስ ሁለት ጎረቤቶች ተጋቡ።

ስንዱ አልጋ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። «ሂ» ትልና ታርፋለች። ደግሞ «ሂ» ትላለች።

«ምን ሆንሽብኝ?»

«ምንም። ሂ።»

ፈራሁ። የስንዱ ሳቅ ሲመጣ ግድግዳ ይነቀንቃል፤ እውነቱን ለመናገር ያገባኋት ለሳቋ ነው።

«ክቡር ከንቲባ፣ የእሷን ቫልቭ ልፍታው?»

«የእሷ ከተፈታ የአማትህም ይፈታል።»

«ይፈታ!» ብዬ መፍቻውን ሳነሳ ሳሙና ሆኖ ከእጄ ሙልጭ አለ።

ነቃሁ። ሳፋው ጸጥ ብሏል። ውሃው አልመጣም ማለት ነው ብዬ ወጣሁ። የሰፈሩ በርሜል ሁሉ ሞልቶ ይፈሳል፤ አጥሩ ሁሉ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶበታል። ከእኔ ቧንቧ ክር የምታክል ውሃ፣ ሳትወፍር ሳትቀጥን፣ በሳፋው ጀርባ ድምፅ ሳታሰማ ትንሸራተታለች። ቫልቩ ሥራውን አላጓደለም። በርሜሌ ግን ባዶ ነው። ልፈታው ስሮጥ እሷም ቀጥ አለች።

በሩ ተከፈተና እማማ አልጋነሽ ዘንቢላቸውን እንደያዙ ገቡ። «አንተ ልጅ! ሰፈሩ ሁሉ ሲቀዳ አንተ ታንኮራፋለህ? ነገ እንግዳውን በምራቅ ልታስታጥብ ነው? እኔስ ድሮም…» ቀጠሉ፤ ማን ያስቆማቸው።

ስንዱ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች። እናቷን አየች፣ ቧንቧውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ ያ ሳቅ መጣ። ግድግዳው ተነቀነቀ፣ ሕፃኑ ነቃ፣ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ እየሮጠ መጣ። ያየም ስቆ ተመለሰ።

ጥቂት ቆይተው ጎረቤቶቹ ሙሉ ጄሪካን ተሸክመው ደጄ ላይ ተሰለፉ። ከፊት አቶ ጌትነት ነበር፤ ክራቫት ግን አላሰረም።

«እንግዲህ ለክርስትናው ይቺን ተቀበለን» አለኝ።

«ሲስተም የለም» የምትለዋ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። በርሜሉን አየሁና ዋጥኳት።