ለኪኒን የተላኩ ሽማግሌዎች

የእኛ ሰው በሽማግሌ የማያልቅ ነገር አለ ቢሉት አያምንም። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ፣ ወንድማማች ሲኳረፍ ሽማግሌ፣ አከራይ ሲያስቸግር እንኳ ሽማግሌ። ቶሮንቶ ስንመጣም ይህን ጠባያችንን አውሮፕላን ውስጥ ረስተነው አልወረድንም። አትሳቁ፣ እናንተም ያው ናችሁ።

ልጄ ሳምራዊት ሐኪም ናት። (በየአጋጣሚው ትናገረዋለህ እያለች ሚስቴ ትወቅሰኛለች፤ ይኸው ዛሬም ተናገርኩት።) ግማሹን ሳምንት ዳንፎርዝ ክሊኒክ፣ ግማሹን ሆስፒታል ትሠራለች። አንድ እሑድ ከቸርች መልስ፣ ሬክስዴል ያለው ቤታችን ሦስት ትልልቅ ሰዎች ከነካፖርታቸው መጡ። ተቀመጡ ብንላቸው «ጉዳያችን ሳይሰማማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ቆሞ የሚለምን ሽማግሌ ምን እንደሚፈልግ የማያውቅ የሴት ልጅ አባት አለ? ሚስቴ ልብስ ልትቀይር ሮጠች። እኔም የማን ልጅ ይሆን እያልኩ አንገቴን አቀናሁ።

አፈ ጉባኤው ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው ጀመሩ። ወዳጃቸው ጋሽ ኃይሉ ታመው ክሊኒክ ቢሄዱ፣ ሳምራዊት ጉንፋን ነው፣ ዕረፍትና ፈሳሽ ይበቃዎታል ብላ ባዶ እጃቸውን ሰደደቻቸው። ጠያቂ በመጣ ቁጥር «ምን አዘዘችልዎ?» ሲባሉ የሚያሳዩት አንድ ብልቃጥ የላቸውም። ፋርማሲውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሆንም አላቸው። እናም ልጅህን ለምንልን።

ለካ የመጡት ለአሞክሳሲሊን ነው!

ቢሆንም ሽማግሌ ከቤቴ አፍሮ ወጥቶ አያውቅም። ልጄን ጠርቼ «ሳምሪዬ፣ ለኔ ስትዪ» አልኳት። ሁሉንም ትከሻቸውን ስማ፣ ስለ ጋሽ ኃይሉ የምትነጋገረው ከራሳቸው ጋር ብቻ መሆኑን በትሕትና ተናገረች።

«ግን አባዬ፣ ለጉንፋን አንቲባዮቲክ ለማንም አልሰጥም። ጉንፋኑን አይነካውም። በከንቱ ሲወሰድ ጀርሙ ይለምደውና የምር ያስፈለገ ቀን መድኃኒቱ እምቢ ይላል።»

ክሊኒክም፣ ሆስፒታልም፣ የአባቷ ሳሎንም ለሷ አንድ ነው። ጋሽ ታደሰ ካፖርታቸውን መቆለፍ ጀመሩ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሷ ግን ዓይኗን ከሦስተኛው ሽማግሌ ከጋሽ ወርቁ ላይ አልነቀለችም። አንድ ቃል አልተነፈሱም ነበር፤ እኔ ጨዋነት መስሎኝ፣ እሷ ለካ አተነፋፈሳቸውን ትመለከታለች። ጠጋ ብላ ስትጠይቃቸው፣ ሲያስላቸውና ሲያተኩሳቸው ከርሟል። ሰው ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣላቸውን የአንቲባዮቲክ ኪኒን ጥቂት ውጠው፣ ሻል ሲላቸው የቀረውን ለሌላ ጊዜ አስቀምጠዋል። የሐኪም ማዳመጫዋን አምጥታ ጀርባቸውን አዳመጠች።

«ጋሽ ወርቁ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ።»

የነዳሁት እኔ ነኝ። የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ፤ ዕለቱን አንቲባዮቲክ ተጀመረላቸው። ሳምሪም ቢሻልዎትም እንዳያቋርጡ ብላ አስማለቻቸው። ያስለመነው ሳያገኝ ያልለመነው አገኘ። ጋሽ ኃይሉን ጉንፋኑ በራሱ ጊዜ ለቀቃቸው፤ ጋሽ ወርቁም ድነው ቸርች ውስጥ ስሟን ሲያነሱ እኔ ከጎኔ የተቀመጠው ሰው መስማቱን ዞር ብዬ አረጋግጣለሁ። ኮራሁ፣ ምን ይደረግ!

በቀደም ሦስቱ ሽማግሌዎች እንደገና መጥተው ቆሙ። ሚስቴ በዚህኛው ጊዜ ከወንበሯ አልተነሳችም። «ደግሞ ማንን ጉንፋን ያዘው?» አልኩ።

ጋሽ ወርቁ ሳቅ ብለው፣ የመጡት ለወንድ ልጃቸው እንደሆነ ነገሩኝ። ልጃችሁን ለልጃችን!

ሚስቴ ልብስ ልትቀይር ስትሮጥ እኔ ሳምሪን ጠራሁ። ጉዳዩን አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ያንኑ የክሊኒክ ፊቷን አደረገችና መለሰች።

«መጀመሪያ ልየው።»