ዋስ ይዘን ኤምባሲ ሄድን

እኛ ዘንድ አጥር የሚታጠረው ለከብት ነው። ሰው መንገደኛ ነው፤ ማሳዬን አቋርጦ ሲያልፍ «እንደምን ዋልክ» ይለኛል፣ «ይመስገን» እለዋለሁ፣ አለቀ። ወሬ እንደማላበዛ መንደሬ ጥርባ ሁሉ ያውቃል። የዓለም አጥር ግን ተገላብጦ የታጠረ ነው። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ ከቻይና ተነሥቶ ጥርባ ድረስ ሲመጣ «ትመለሳለህ ወይ?» ያለው የለም። ጥያቄው የሚመጣው ለሰው ሲሆን ነው።

ይህን ያወቅሁት በልጄ በይታይሽ ነው። እንጅባራ ተምራ ስትጨርስ አንድ የባሕር ማዶ ትምህርት ቤት ወጪሽን ችዬ ላስተምርሽ አላት። የቀረው ቪዛ ነበር።

«አባባ፣ ተምሬ እንደምመለስ ማስረጃ ይፈልጋሉ» አለችኝ።

የሰው መመለሻ ማስረጃው ዋስ አይደል? ጎረቤቴን ዳኜን ይዤ አብሬያት አዲስ አበባ ገባሁ። ዳኜን እንደ ቀላል ሰው አትዩት፤ ለስንቱ ዋስ ሆኖ አንድም ቀን አፍሮ አያውቅም።

የኤምባሲው ዘበኛ «እርስዎ ማን ነዎት?» አለው።

«ዋስ ነኝ። ልጅቱ ባትመለስ እኔን እሰሩኝ!»

ዘበኛው ሳቁን ዋጥ አድርጎ «አባቴ፣ እዚህ ዋስ አይጠራም» አለና ሁለታችንንም ከአጥሩ ውጭ አቆመን። ዳኜ ተቀየመ። «ዋስ የማይቀበል አገር ሰዉ በምን ይተማመናል?» አለኝ።

ይታይሽ ብቻዋን ገብታ ብዙም ሳትቆይ አንዲት ወረቀት ይዛ ወጣች። «እንደሚመለሱ አላመንንም» ይላል።

አትመለስም ያሏት ልጅ በማግስቱ ከእኛው ጋር በአንድ አውቶቡስ ተመለሰች።

መንገዱን ሙሉ ያችን ወረቀት ስታጥፍና ስትዘረጋ መጣች። እኔም «ከአፍ የወጣ አፋፍ» እያልኩ ዕድሜዬን ቃል ስቆጥብ ኖሬ፣ ማባበያ ሲያስፈልገኝ ጎተራው ባዶ ሆኖ ተገኘ።

በሳምንቱ አንድ ፈረንጅ የዘንገናን ሐይቅ ሊያይ በድንች ማሳዬ መሐል ሲያቋርጥ፣ ዳኜ ከማዶ «ኧረ ዋስ ጥራ በለው!» ብሎ ጮኸ። ይታይሽ ከተመለስን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ፈረንጁ ምን እንደተባለ ጠየቃት፤ ነገረችው። እሱም ፈገግ ብሎ አንድ ነገር አላት።

«ምን አለሽ?»

«አገራችን ቆንጆ ናት፤ አንድ ቀን መጥተሽ እዪያት አለኝ፣ አባባ።»

አገሩ የት እንደሆነ ጠየቅሁ። ያችው ቪዛ የከለከለቻት ናት።

«ንገሪው» አልኳት። «እኛ ትመለሳለህ ወይ ብለን አንጠይቅም። ሲመለስም በዚሁ ይለፍ፤ ድንቹን ብቻ እንዳይረግጥ።»

ይታይሽ ማመልከቻዋን እንደገና እየጻፈች ነው። ዳኜም ኮቱን አሳጥቧል።